ውጫሌን በእንግሊዝኛ መማር፦ የታሪክ ትምህርትና እሱን የሚደግፉ ድርጅቶች ሥራ በአዲስ አበባ

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ ነበር። ጦርነት ያስከተለው አንቀጽ 17 እንደሆነ፣ የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል የጣሊያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ እንዳደረገው፣ ትምህርት ቤት የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሰምቷል። ይሁንና ዛሬ ከአራት ኪሎ ወይም ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህን ምዕራፍ የሚማር ልጅ «ይቻላቸዋል» የሚለውን ቃል የሚያገኘው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ መጽሐፉም፣ በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ማስታወሻም፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ናቸው። የክርክሩ ፍሬ በአንድ የአማርኛ ግሥ ላይ የቆመ ሆኖ ሳለ ግሡ ራሱ ክፍሉ ውስጥ የለም።

በከተማዋ መሃል፣ የታሪክ ትምህርትን በትምህርት ቤቶች ለመደገፍ በተቋቋመ አነስተኛ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራውን ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ ስለ ታሪክ ትምህርት የሚደረገው ክርክር ሁሉ «ምን ይጻፍ?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር እሰማለሁ፤ የትኛው ንጉሥ ይወደስ፣ የትኛው ዘመቻ በምን ስም ይጠራ፣ የማን በደል በስንት ገጽ ይነገር የሚለው ሙግት ማለቂያ የለውም። ሙግቱ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ትምህርቱን ለሚከታተል ሰው ከዚህ የሚቀድም ጉድለት ይታየዋል፤ ተማሪው የታሪክ ማስረጃ የሚባለውን ነገር በእጁ ሳይዝ፣ በዓይኑ ሳያይ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል። የእኛን መሰል ድርጅቶች ድርሻም ይህን ጉድለት ማቃለል እንጂ ከመጽሐፉ ጎን ሌላ ትርክት አዘጋጅቶ ማቅረብ ነው ብዬ አላምንም።

ነገሩን በአንድ ክፍል ባየሁት ላስረዳ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለታሪክና ቅርስ ክበብ አባላት፣ ሁሉም የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ አንድ አንድ ገጽ ወረቀት አደልን። በወረቀቱ ግራ የአንቀጽ 17 አማርኛ፣ በቀኙ የጣሊያንኛው፣ ከጣሊያንኛው ሥር ደግሞ ቃል በቃል ትርጉሙ ሰፍሯል። መምህሩ ምንም ማብራሪያ ሳይሰጥ «ልዩነቱን ፈልጉ» ብቻ አላቸው። ጥቂት ደቂቃ ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ይቻላቸዋል ማለት እኮ ከፈለጉ ማለት ነው፤ ባይፈልጉስ?» አለች። ከኋላዋ የነበረው ልጅ ቀበል አድርጎ «ታዲያ ማኅተሙ ሲደረግ የጣሊያንኛውን የሚያነብላቸው ሰው አልነበረም?» ሲል ጠየቀ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ወሰደው። ስለ አስተርጓሚው ስለ ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ፣ በጣሊያን በኩል ስለተዋዋለው ስለ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ፣ ምኒልክ ልዩነቱን ካወቁ በኋላ ውሉን እስከ ሻሩበት እስከ 1885 ዓ.ም. ስላለፈው የደብዳቤ ምልልስ ተነሣ። አንድ ውል በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ የትኛው ይጸናል የሚለው የሕግ ጥያቄም በልጆቹ አፍ ተነገረ፤ ማንም አላስተማራቸውም። መምህሩ በኋላ እንደነገረኝ፣ ይኸው ክፍል ይህንኑ ርእስ ከሳምንት በፊት ከመጽሐፉ ሲማር አንድም ጥያቄ አልተነሣም።

መምህሩ ስንፍና የለበትም፤ አብዛኞቹ የታሪክ መምህራን እንደሚያደርጉት በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያብራራል። ችግሩ ተማሪው ማብራሪያውን ሰምቶ ቃሉን ብቻ ይዞ መሄዱ ነው። «ፕሮቴክቶሬት» (የውጭ ጉዳዩ በሌላ መንግሥት እጅ ያለ አገር) የሚለውን ቃል አንዲት ፊደል ሳይስት ሊጽፍ የሚችል ልጅ፣ በራስህ ቋንቋ ንገረኝ ሲባል «ጥበቃ መሰለኝ» ብሎ ያቆማል። ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ የሚወሰነው ከእኛ አቅም በላይ በሆነ ደረጃ ነው፤ እንግሊዝኛ መማር ለልጆቹ የሚከፍተውን በርም ማንም አይክደውም። እንደዚያም ሆኖ ሰነዱን በተጻፈበት ቋንቋ ለማንበብ ሕግ የሚያግደው መምህር የለም። ይህ ደግሞ አማርኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በከተማዋ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የቃል ታሪኩ፣ ግጥሙና ቀረርቶው በብዙ ቋንቋ ተቀምጧል፤ የቆየው ዜና መዋዕል በግዕዝ ነው። ማስረጃው ያለበት ቋንቋ ሁሉ የታሪክ ክፍል ቋንቋ ቢሆን ክፍሉ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ጊዜውም ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ልጆች እስከ 6ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት ይማራሉ፤ ታሪክ ራሱን ችሎ የሚመጣው በ9ኛ ክፍል ነው። በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ ታሪክን ይሰናበታል። እንግዲህ የነገው መሐንዲስና ሐኪም በሁለተኛ ደረጃ ታሪክን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ የሚማረው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ያም 40 ደቂቃ ገደማ በሚሆን ክፍለ ጊዜ፣ የታተመው መጽሐፍ በሰዓቱ ባልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶችም በስልክ ከተጫነ ቅጂ ነበር።

በዚህ ላይ ፈተናው አለ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በየትምህርት ቤቱ የፈጠሩትን ድንጋጤ ለመረዳት አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ መዋል ይበቃል። ቀድሞ የክበባት ቀን የነበረው ቅዳሜ ዛሬ የማጠናከሪያ ትምህርት ቀን ሆኗል። ርእሳነ መምህራን ክበቡን የሚገፉት ጠልተውት ሳይሆን የሚጠየቁት ባሳለፉት ተማሪ ብዛት ስለሆነ ነው። ፈተናው ምርጫ ላይ ምልክት የሚደረግበት ዓይነት ነው፤ «ባይፈልጉስ?» ብላ የጠየቀችው ልጅ ለጥያቄዋ ነጥብ የምታገኝበት ቦታ በመልስ ወረቀቱ ላይ የለም። ስለዚህ አንድ ድርጅት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በፈተናው ላይ ቆሞ መከራከር አይጠቅመውም። እኛ ያገኘነው መንገድ ከመጽሐፉ ምዕራፎች ጋር የሚሄዱ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቁና በአንድ ገጽ የሚወሰኑ የሰነድ ወረቀቶችን ማዘጋጀት ነው፤ መምህሩ ምዕራፉን ሳያጓትት ሊጠቀምባቸው ይችላልና።

የአዲስ አበባ መሃል ለታሪክ መምህር የሚሰጠው ሀብት ደግሞ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነው። ስድስት ኪሎን ብቻ እንውሰድ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ቦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ የተጀመረውም ከዚሁ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ሰዎች የያዟቸውን መኳንንትና ባለሥልጣናት የገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። ከሕንጻው ፊት ለፊት ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት፣ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ ቆሟል፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሽስቱን የሥልጣን ዓመታት እንዲቆጥር ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ ግን ደረጃው ሳይፈርስ በጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

ተማሪዎችን እዚህ ስናመጣ በመጀመሪያ የምናደርገው ደረጃውን እንዲቆጥሩ ነው። ቆጥረው ሲጨርሱ ከእርከኖቹ ቁጥር ተነሥተው ቆጠራው የሚጀምርበትን ዓመት እንዲያሰሉ እንጠይቃቸዋለን፤ ስሌቱ በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል ያለውን የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሳያውቁ አይሠራም። ወደ ሮም የተደረገውን የፋሽስቶች ሰልፍ፣ እ.ኤ.አ. 1922ን፣ በዚህ መንገድ ራሳቸው ይደርሱበታል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ አንበሳው ነው፤ «ለምን አላፈረሱትም?» በቅርስና በመታሰቢያ ላይ ከተሰጡ ረጅም ገለጻዎች ይልቅ ይህ አንድ ጥያቄ ልጆቹን ሲያከራክር አይቻለሁ። አንደኛው ወገን የጠላት ሐውልት መፍረስ ነበረበት ይላል፤ ሌላው ድል የተነሣን ነገር በእግር ሥር አድርጎ ማቆየት ይበልጣል ይላል።

ከግቢው ሲወጡ አደባባዩ ላይ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሩት የየካቲት 12 ሐውልት አለ። እዚያ ደግሞ ስለ ቁጥር እንነጋገራለን። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የሟቾቹን ብዛት 30 ሺህ ብሎ አስታወቀ፤ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ሰፊ ጥናት ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል፤ በጊዜው በጣሊያን በኩል ይነገር የነበረው ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። ብዙ መምህራን ይህን ልዩነት ለተማሪ መንገር ይፈራሉ፤ ሰማዕታቱን ማሳነስ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የማምነው። ልጁ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደቆጠረ፣ አስከሬን በተቃጠለበትና በጅምላ በተቀበረበት ከተማ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያዳግት ሲረዳ፣ ለሞቱት ያለው አክብሮት ከቃል አልፎ ይገባዋል። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «ቁጥራችሁ የተጋነነ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው» ቢለው የሚመልሰው አለው፤ 30 ሺህ የሚለውን ብቻ የሸመደደው ግን የለውም። የካቲት 12 ሰማዕታት የሚዘከሩበት ቀን ቢሆንም ትምህርት ቤት አይዘጋበትም፤ ስለዚህ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ተማሪዎችን በእግር ማምጣት ይቻላል፤ አውቶቡስ መከራየት የሚያስጨንቃቸው የአካባቢው ትምህርት ቤቶችም ለመቅረት ምክንያት የላቸውም።

ፒያሳ ላይ ያለው ሁኔታ ይለያል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመርቆ ተከፈተ፤ በወሩ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያንና በዙሪያው ያሉ ሰፈሮችን ጨምሮ የቆየው የፒያሳ ክፍል ፈረሰ። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በብዛት ወደ ሙዚየሙ እየወሰዱ ነው፤ ይህ መልካም ነው፤ ጥያቄ ይዞ የገባ ልጅ ብዙ ይዞ ይወጣል፣ ፎቶ ሊነሣ የገባ ደግሞ ፎቶ ይዞ ይወጣል። ለእኛ ሥራ ከባዱ የሰፈሮቹ መበተን ነው። ተማሪዎች የሰፈር ሽማግሌዎችንና እናቶችን እየጠየቁ የቃል ታሪክ እንዲመዘግቡ እናደርግ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሁለት መንገድ ተሻግረው የሚያገኟቸው ሰዎች ነበሩ። ዛሬ እነዚያ ሰዎች በከተማዋ ዳርቻ በተለያዩ ቦታዎች ይኖራሉ። አንድ ልጅ የአያቱን ጎረቤት ለመጠየቅ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ካለበት መጠይቁ ይቀራል። ከተማ መለወጡ አይቀርም፤ ነገር ግን ሰፈር ከመፍረሱ በፊት የነዋሪዎቹን ትዝታ መመዝገብ የማንም ሥራ ሳይሆን ቀረ፤ የእኛም አልነበረም፤ ሊሆን ይገባው ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ልምጣ። በአንድ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች ከየቤታቸው የሚሰሙት ታሪክ አንድ አይደለም፤ በአንዱ ቤት ጀግና የተባለው በሌላው ቤት የቁስል ስም ነው። ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል በ2012 ዓ.ም. ያስነሣውን ውዝግብ የሚያስታውስ ሰው፣ አንድ የ10ኛ ክፍል መምህር በሰሌዳው ፊት ብቻውን ቆሞ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግተውም። መምህራን በግልጽ ይነግሩናል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የግዛት መስፋፋት ላይ ሲደርሱ ከመጽሐፉ አንድ ቃል ሳይጨምሩ አንብበው ያልፋሉ፤ «ልጁ ቤት ሄዶ ምን እንደሚናገር አላውቅም» ይላሉ። ፍርሃታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ድርጅቶች የሚፈተኑት። ለጋሾች «የጋራ ትርክት» ወይም «ሰላም ግንባታ» የሚል ርእስ ላለው ፕሮጀክት ገንዘብ መስጠት ይቀላቸዋል፤ ፕሮፖዛል የሚጽፈውም በዚያው ቃል ይጽፋል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ለማስደሰት ተብሎ ጥርሱ የወለቀ ታሪክ ነው፤ ማንም ያልበደለበት፣ ማንም ያልተበደለበት፤ ተማሪዎችም ወዲያው ይነቁበታል። ሰነድ ይዞ መግባት የተሻለ ሆኖ ያገኘነው ለዚህ ነው። ልጆቹ አንድን የዘመኑ ደብዳቤ ወይም የመንገደኛ ማስታወሻ ይዘው «ይህን የጻፈው ማን ነው? ለማን ጻፈው? ምን አላየም?» ብለው ሲጀምሩ፣ ክርክሩ በእነሱና በጽሑፉ መካከል ይሆናል፤ በአንዱ ልጅና በሌላው ብሔር መካከል መሆኑ ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሁለት ልጆች ተኳርፈው የወጡበት ቀን ነበረ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሁለቱም መጡ።

ስለ ድርጅታዊ አሠራሩ ጥቂት ልበል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና መሰል ጉዳዮች እንዳይሠራ ከመከልከሉም ሌላ፣ 70 በ30 ተብሎ በሚታወቀው የወጪ ክፍፍል (ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠ ለአስተዳደር) ሥር የአሠልጣኝ መጓጓዣንና አበልን የመሰሉ ወጪዎች እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጠሩ ነበር፤ ዋና ሥራው መምህራንን ማሠልጠን የሆነ ድርጅት በዚህ ምክንያት ሥራውን እንደ ጥፋት እንዲቆጥር ይገደድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነገሩን አሻሻለው፤ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ቢደነግግም ከፕሮጀክቱ ጋር የተያያዘውን ወጪ ከዚያ ውጭ አደረገው። ከሕጉ ይልቅ ዛሬ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም በቀጥታ የተጎዱት በጤናና በዕለት ርዳታ ላይ የተሰማሩት ናቸው፤ ነገር ግን እነሱ ወደ ሌሎች ለጋሾች ሲዞሩ፣ ታሪክ ትምህርትን ይዞ ከወረፋው መጨረሻ ለቆመ ሰው ወረፋው ረዘመ።

እኛም የሠራነው ስሕተት አለ። በመጀመሪያው ዓመት መምህራንን ሆቴል አዳራሽ ሰብስበን ለሁለት ቀን አሠለጠንን፤ አበል ከፈልን፣ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር አደልን፣ ምስክር ወረቀት ሰጠን። ሪፖርቱ አማረ። ከሦስት ወር በኋላ ክፍል ስንጎበኝ አንድም የተለወጠ ነገር አላየንም፤ ማስታወሻ ደብተሩ የስም መጥሪያ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናውን ትተን መምህሩ ባለበት ትምህርት ቤት፣ በራሱ ክፍለ ጊዜ፣ አብረነው ተቀምጠን መሥራት ጀመርን። ይህ አዝጋሚ ነው። ለሪፖርት አይመችም፤ «ስንት መምህራን ሠለጠኑ?» ለሚለው ሰንጠረዥ የምንሞላው ቁጥር በጣም ትንሽ ነው። ፈቃዱም ጊዜ ይበላል፤ አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለአንድ የእግር ጉብኝት የድጋፍ ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት አቆይቶን፣ ደብዳቤው የተፈረመው ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ሳሉ ነው።

እስካሁን ያልተነካ ሀብትም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ስለ ትውልድ አካባቢያቸው፣ ስለ ገበያዎች፣ ስለ ገዳማት፣ ስለ ከተሞች አመሠራረት የጻፏቸው ያልታተሙ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት ከሌሉ ሰዎች የተወሰደ የቃል መረጃ ይዘዋል። ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የደብዳቤዎችና የድሮ ጋዜጦች ክምችት አለው። ከእነዚህ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሆን አንድ ገጽ ለማውጣት አንድ ሰው ሦስት አራት ቀን መቀመጥ አለበት፤ ይህን ጊዜ በሳምንት ከሃያ በላይ ክፍለ ጊዜ ከሚያስተምርና ማታ ማታ ልጆች እያስጠና ኑሮውን ከሚደጉም መምህር መጠበቅ ግፍ ነው። ለድርጅት ግን ይቻላል፤ ወጪውም ከአንድ የአዳራሽ ሥልጠና ያንሳል።

ባለፈው የካቲት፣ ውጫሌን በአንቀጽ 17 ወረቀት ካስተማርንበት ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ደወለችልኝ። በዚያ ቀን ከኋላ ተቀምጣ ትከታተል ነበር እንጂ ክፍሉ የእሷ አልነበረም። ወረቀቱን በራሷ ገንዘብ ፎቶ ኮፒ አድርጋ ለአራት ክፍሎች እንዳዳረሰችው፣ ክበብ ውስጥ ሳይሆን በመደበኛው ክፍለ ጊዜ እንደሠራችበት ነገረችኝ። የደወለችው ፈቃድ ወይም ገንዘብ ለመጠየቅ አልነበረም። አንድ ተማሪ የጣሊያንኛውን ጽሑፍ ከትርጉሙ ጋር አስተያይቶ «ይህን የተረጎመው ሰው ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብሎ ስለጠየቃት፣ ጣሊያንኛ የሚያነብና አንድ ጠዋት ክፍሏ መጥቶ ሊቀመጥ የሚችል ሰው ብናገኝላት ነው። ለሐሙስ ሦስት ሰዓት አገኘንላት።